ባለ አምስት ጥምዝ ብሮሽ፦ የአንግሎ ሳክሶን ጌጥ በገዛ እጅ አሠራር

ኦክስፎርድ በሚገኘው አሽሞሊያን ሙዚየም ውስጥ ከአንግሎ ሳክሶኖች (ከሮማውያን በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የሰፈሩ ሕዝቦች ናቸው) መቃብሮች የወጡ ትንንሽ ክብ ብሮሾች፣ ማለትም ልብስ ላይ በመርፌ የሚሰኩ ጌጦች፣ አሉ። የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ይመስላሉ። መሃላቸው ጎድጎድ፣ ጠርዛቸው ቀና ያለ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ላያቸው ሰው ላዩ የተሞነጫጨረ አሮጌ ነሐስ ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን ቀስ እያደረጋችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታንቀሳቅሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ መስመር ይበራል፣ ጎኑ ያለው ይጠቁራል። ትንሽ ፈቀቅ ስትሉ ደግሞ የጠቆረው በርቶ የበራው ይጠቁራል። ጥምዞቹ የሚሽከረከሩ ይመስላል።

ይህን የሚያደርገው ቀለም አይደለም፣ እንቁም አይደለም። ተዳፋት ነው። እያንዳንዱ መስመር እንደ ተገለበጠ የቤት ክዳን ሁለት ተዳፋት ጎኖች አሉት። ብርሃኑ ከአንዱ ጎን ሲነሳ ሌላው ላይ ጥላ ይወድቃል። ይህን አቆራረጥ የእንጨት ጠራቢዎች ያውቁታል። ወደ ብረት ሥራ የገባው በሮማ ዘመን ማብቂያ የወታደር ቀበቶ ጌጦች ላይ ነው። አንግሎ ሳክሶኖች ወርሰው የራሳቸው አደረጉት።

ይህ መመሪያ አንድ እንደዚያ ያለ ብሮሽ ከሰም እስከ መርፌው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። ጌጡ የሚሠራው ሰሙ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጭቃ፣ እሳትና ሞረድ ሰሙ ላይ ያለውን ነገር በደህና ወደ ብረት ማድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉ።

ምን ዓይነት ብሮሽ ነው?

ሮማውያን ብሪታንያን ለቀው ከወጡ በኋላ፣ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቴምዝ ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ የሚኖሩ ሴቶች ይህን ብሮሽ ጥንድ ጥንድ አድርገው ይለብሱት ነበር። ልብሳቸው እንደ ጆንያ ክብ ሆኖ የተሰፋ የሱፍ ጨርቅ ነው። የፊቱና የኋላው ጨርቅ ትከሻ ላይ የሚያያዘው በብሮሹ ነው። ስለዚህ ብሮሹ ጌጥ ብቻ አይደለም። ቢወልቅ ልብሱ ይወርዳል። ጌጠኛ መርፌ ቁልፍ ነው ብትሉት አልተሳሳታችሁም። ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ደግሞ የአምበርና የብርጭቆ ዶቃ ይንጠለጠል ነበር።

የጥንቶቹ ከነሐስ የተሠሩ ናቸው። የጊዜው አንጥረኞች የሮማውያንን ስብርባሪ ብረታ ብረት እየሰበሰቡ መልሰው ያቀልጡ ነበር። ለዚህ ነው ብሮሾቹ ሲመረመሩ መዳብ፣ ቲን፣ ዚንክና እርሳስ ተደባልቀው የሚገኙት። ፊታቸው በወርቅ ይለበጣል። መርፌያቸው ብዙ ጊዜ ብረት ነው።

እኛ የምንጠቀመው ግን ፒውተር ነው። ፒውተር አብዛኛው ቲን የሆነ ቅይጥ ነው። ነሐስ ለማቅለጥ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት፣ ከሰል፣ ወናፍና ልምድ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ፒውተር ግን 240 አካባቢ ላይ ይቀልጣል። ለጀማሪ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ከታሪኩም አያርቀንም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ከፒውተር ብሮሽ የሚያወጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ቺፕሳይድ በሚባለው መንገድ ያላለቁ የፒውተር ጌጦች ክምችት ተገኝቷል።

መጀመሪያ ማየት

ቢላዋ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ምሽት ፎቶ በማየት አሳልፉ። የብሪቲሽ ሙዚየም የስብስቡን ፎቶዎች በነፃ ያሳያል። ሰዎች በእንግሊዝና በዌልስ ማሳ ላይ ያገኟቸውን ዕቃዎች የሚመዘግበው ፖርተብል አንቲኩዊቲስ ስኪም ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ መዝግቧል። ከዚያ ውስጥ ሳውሰር ብሮሽ የሚባሉትን ፈልጉ። የስኒ ሳህን ብሮሽ ማለት ነው፣ የእኛው ዓይነት።

ጀርባቸውን ማየት አትርሱ። ሁሉም ሰው ፊቱን ያያል፣ ሠሪ የሚማረው ግን ከጀርባው ነው። መርፌው የሚታሰርበት ጆሮ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ጫፉን የሚይዘው መንጠቆ እንዴት እንደታጠፈ ይታያል። ከመቃብር በወጡት ላይ ደግሞ አንዳንዴ ሌላ ነገር አለ። የብረቱ መርፌ ሲዝግ አጠገቡ የነበረውን ጨርቅ ውጦታል። ጨርቁ በስብሶ ከጠፋ ከ1,400 ዓመት በኋላ ዝገቱ ላይ የክሩ አገማመድና የሽመናው ዓይነት ይቆጠራል። አንዲት ሴት ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰችው ቀሚስ ነው። እኔ ይህን ሥራ እንድወደው ያደረገኝ ከወርቁ ይልቅ ያ ዝገት ነው።

በፎቶዎቹ ላይ አውሬ ያለባቸው ብሮሾችም ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ስታዩዋቸው ምንም አይገባችሁም። የመስመር ክምር ነው። በርንሃርድ ሳሊን የተባለ ስዊድናዊ ምሁር በ1904 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ይህን የአውሬ ጌጥ በመደብ በመደብ ለይቶታል። የመጀመሪያው መደብ ውስጥ እንስሳው ተቆራርጦ ይገኛል። ዓይን እዚህ፣ መንጋጋ እዚያ፣ ጭን ሌላ ቦታ፣ ሦስት ጣት ያለው እግር ጥግ ላይ። ለማንበብ ከዓይኑ ጀምሩ። ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነጥብ ሆኖ ዙሪያውን ቅንድብ የመሰለ መስመር ይከበዋል። ከዚያ አፉን፣ ከአፉ አንገቱን ተከተሉ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ቅኔን ሰምና ወርቅ ብለን የምንጠራው ከአንጥረኛ ሥራ ወስደን ነው። ወርቁ እንዲገኝ ሰሙ መቅለጥ አለበት። እነዚህን ብሮሾች የሠሩት ሰዎችም ላዩን ሐረግ አስመስለው ውስጡን አውሬ አድርገዋል።

ለመጀመሪያ ሥራ ግን አውሬው ይቆየን። አምስት ጥምዝ ያለውን እንሥራ። በሳውሰር ብሮሾች ላይ በብዛት ከሚገኙት ጥንታዊ ጌጦች አንዱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

100 ግራም የሚሆን ንጹህ የንብ ሰም። የሻማ ሰም አይሁን፣ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል። ግማሽ ኪሎ የሸክላ አፈርና ያንኑ ያህል በደንብ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ። አንድ እፍኝ ደርቆ የተፈጨ የፈረስ ፋንድያ ካገኛችሁ ጨምሩበት፣ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። 150 ግራም ፒውተር፣ ከእርሳስ ነፃ የተባለ። ይህ ላይ ድርድር የለም። አሮጌ ፒውተር ሳህንና ማንኪያ ቀልጦ ይሆናል ብላችሁ አታስቡ፣ ብዙዎቹ እርሳስ አለባቸው። ስለታም ትንሽ ቢላዋ፣ ሁለት ሦስት ሞረድ፣ ትንሽ የብረት መጋዝ፣ ጉጠት፣ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የብረት ሽቦ። ማቅለጫ የብረት ጭልፋ። ጭልፋው ከዚህ በኋላ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።

ለራሳችሁ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ የተዘጋ የቆዳ ጫማ፣ የጥጥ ልብስ። ናይለን ልብስ ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ማቅለጡ ውጭ ወይም በደንብ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። ልጆች አጠገብ አይኑሩ።

አንደኛ፦ ሥዕሉ

ወረቀት ላይ በኮምፓስ ሦስት ክቦች ከአንድ ማዕከል ሣሉ። ትልቁ ከማዕከሉ እስከ ጠርዙ 21 ሚሊሜትር ይሁን። ይህ የብሮሹ ዳር ነው። ሁለተኛው 16 ሚሊሜትር። ከ16ቱ ውጭ ያለው ቀና የሚለው ጠርዝ፣ ከውስጥ ያለው ጌጡ የሚያርፍበት ሜዳ ነው። ሦስተኛው 10 ሚሊሜትር። የጥምዞቹ እምብርት እዚህ ክብ ላይ ይደረደራል።

ክቡን አምስት ቦታ ለመክፈል በየ72 ዲግሪው ምልክት አድርጉ። ፕሮትራክተር ከሌላችሁ ኮምፓሱን 11.8 ሚሊሜትር ከፍታችሁ በሦስተኛው ክብ ላይ ተራመዱበት። አምስተኛው እርምጃ መነሻችሁ ላይ ይገጥማል። በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ከማዕከሉ እስከ ጠርዙ 5 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ሣሉ። አምስቱ ክቦች ሳይነካኩ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መሃል ላይ ለአንድ ትንሽ ጉብታ ቦታ ይተርፋል።

አሁን በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ ከእምብርቱ ጀምሮ ሁለት ተኩል ዙር የሚወጣ ጥምዝ ሣሉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙሩ። የአንዱ ጥምዝ ጭራ እየወጣ ወደሚቀጥለው ጥምዝ ይግባ። አንዱ ሌላውን እያባረረ የሚሮጥ መምሰል አለበት። በዓይን ግምት የተሣለ ትንሽ መዛነፍ ምንም አይደለም። የጥንቶቹም ይዛነፋሉ።

ሁለተኛ፦ ሰሙን ማዘጋጀት

ሰሙን በሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡ። እሳት ላይ በቀጥታ አታድርጉት፣ ሊቀጣጠል ይችላል። ለስላሳ ሳህን ላይ ትንሽ ዘይት ቀብታችሁ ሁለት ተኩል ሚሊሜትር ያህል እንዲወፍር አፍስሱት። ሲረጋ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ።

ክቡን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩት። ሲለሰልስ መሃሉን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስደግፋችሁ ጠርዙን በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ቀና አድርጉት። ቀጥ ብሎ አይቁም። ወደ ውጭ ተከፍቶ ጋደል ይበል። ቀጥ ካለ ወይም ወደ ውስጥ ከታጠፈ ከጭቃው አይወጣላችሁም።

ሦስተኛ፦ መቁረጥ

ሥዕሉን ሰሙ ላይ አድርጋችሁ በመርፌ ጫፍ እየወጋችሁ አሳልፉት። ነጥቦቹን በቀጭኑ አገናኙ። ከዚያ ስልክ አጥፉ፣ ቁጭ በሉ።

እያንዳንዱ መስመር በሁለት ቁርጥ ነው የሚወጣው። ቢላዋውን 45 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ጋደል አድርጋችሁ አንዱን ጎን ቁረጡ። ከዚያ ሰሙን አዙሩና ከሌላው ጎን በተመሳሳይ ጋደልታ ቁረጡ። ሁለቱ ቁርጦች ከታች ሲገናኙ መሃል ያለው ሰም እንደ ቀጭን ክር ብድግ ብሎ ይወጣል። ክሩ ሳይበጠስ ከወጣ ቁርጡ ንጹህ ነው። እየተፈረፈረ ከወጣ ወይ ሰሙ ቀዝቅዟል ወይ ቢላዋው ደንዟል። ሰሙን ለአንድ ደቂቃ መዳፋችሁ ውስጥ ያዙት። ተለጥፎ አልቆረጥ ካለ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይግባ።

ጥልቀቱ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል። ሁለት ቦዮች ጎን ለጎን ሲሄዱ መሃላቸው ስል የሆነ ጀርባ ይቀራል። ብርሃኑን የሚይዘው ያ ጀርባ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ብሮሹ ይሞታል። ጥምዙ ላይ ስትዞሩ ቢላዋው አይዙር፣ ሰሙ ይዙር። ግራ እጃችሁ እንደ ሸክላ ሠሪ ሰሙን ያሽከርክር፣ ቀኝ እጃችሁ ባለበት ይቁም። ይህን ለመልመድ ሁለት ሦስት ሰም ይበላሽ ይሆናል። መልሳችሁ አቅልጡት፣ ሰም አይባክንም።

በየጊዜው ሥራውን ከአንድ መብራት ሥር አድርጋችሁ አዘንብሉት። ሙዚየሙ ውስጥ ያየሁት የብርሃን ጨዋታ ሰሙ ላይም መታየት አለበት። ካልታየ ብረቱ ላይም አይመጣም። ጭቃው የሚደርቅበትን ጊዜ ሳይቆጥር ለእኔ አንድ ብሮሽ ሦስት ምሽት ይወስዳል፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ተኩሉ እዚህ ነው የሚያልቀው።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ይህ ተዳፋት አቆራረጥ ለዓይን ብቻ አይደለም የተመረጠው። ጎኖቹ ወደ ውጭ የተከፈቱ ስለሆኑ ጭቃው ሰሙን አይዝም። ሰሙ ሳይሰበር ከጭቃው ይወጣል። ውበቱና አሠራሩ አንድ ላይ የሚሄዱበት ጌጥ ነው።

ፊቱ ሲያልቅ ጀርባው ላይ ሁለት የሰም ጆሮ በጋለ መርፌ አጣብቁ። በአንዱ በኩል 3 ሚሊሜትር የሚወፍርና 5 ሚሊሜትር የሚቆም ጆሮ፣ መርፌው የሚታሰርበት። ትይዩው ላይ ደግሞ አንድ ተኩል ሚሊሜትር የሚወፍር ቀጭን ምላስ፣ በኋላ ታጥፎ መንጠቆ የሚሆን። ሁለቱም ከሥራቸው ወፈር፣ ከጫፋቸው ቀጠን ይበሉ።

አራተኛ፦ ጭቃው

አንግሎ ሳክሶኖች ይጠቀሙ የነበረው ሁለት ገጽ ያለው የጭቃ ቅርጽ ማውጫ ነው። ኤሴክስ ውስጥ መኪንግ በሚባል የጥንት መንደር ቁፋሮ ሲደረግ የአንድ ትልቅ ብሮሽ የጭቃ ቅርጽ ማውጫ ስብርባሪ ተገኝቷል።

ከሸክላ አፈሩና ከአሸዋው እኩል እኩል ቀላቅላችሁ ከፊሉን እንደ እንጀራ ሊጥ አቅጥኑት። ሌላውን እንደ ዳቦ ሊጥ ጠንከር አድርጉት። ሰሙን በጣም ትንሽ ዘይት ቅቡት። ቀጭኑን ጭቃ በለስላሳ ብሩሽ ፊቱ ላይ ቀቡ፣ ቦዮቹ ውስጥ አረፋ እንዳይቀር እፍ እያላችሁ። አንድ የአረፋ ቀዳዳ ብሮሹ ላይ አንድ ኪንታሮት ይሆናል። ትንሽ ሲጠነክር ሁለተኛ ቅብ ድገሙ። ከዚያ በወፍራሙ ጭቃ ሁለት ሴንቲሜትር እስኪሆን ሸፍኑት።

ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ጠንከር ሲል ገልብጡት። ዙሪያውን ባለው የጭቃ ፊት ላይ ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶች በጣታችሁ ጫፍ አድርጉ። የላይኛው ገጽ እዚያ ውስጥ ገብቶ ቦታውን ይይዛል። የጭቃውን ፊት በደቃቅ አመድ ነስንሱት፣ ሁለቱ እንዳይጣበቁ። ከዚያ ጀርባውንም በተመሳሳይ መንገድ ልበጡት።

በማግስቱ ጭቃው እንደ ቆዳ ጠንክሮ፣ ግን ገና ሳይደርቅ፣ ሁለቱን ገጽ ለያዩ። ሰሙን በመርፌ ደገፍ አድርጋችሁ አውጡት። አትጣሉት! ጥንዱ የሚሠራው በእሱ ነው። ከዳር እስከ ጌጡ ባዶ ቦታ ድረስ ብረቱ የሚገባበት ቦይ ቁረጡ። ከውጭ ሁለት ሴንቲሜትር ሰፊ፣ ወደ ውስጥ 6 ሚሊሜትር የሚጠብ ፈነል ይሁን። ከግራና ከቀኙ አየር የሚወጣበት የፀጉር ያህል ጭረት ጫሩ። ገጾቹን ግጠሙና ዙሪያውን በጭቃ ምረጉ፣ የፈነሉን አፍና የጭረቶቹን ጫፍ ብቻ ክፍት ተዉ።

አምስተኛ፦ ማድረቅ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ አይቼዋለሁ። ላዩ ደርቆ ስላየሁት ብቻ በሁለተኛው ቀን ቀልጦ የተዘጋጀውን ብረት አፈሰስኩ። ውስጡ ገና እርጥብ ነበር። ብረቱ ገብቶ አንድ ሴኮንድ ዝም አለ። ከዚያ ተንፈቅፍቆ በገባበት ተመልሶ ተረጨ። ጫማዬ ላይ ያረፈው ጠብታ ቆዳውን አቃጥሎ ጠባሳ ተወ። መነጽር ባላደርግ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ብሮሹን ስከፍተው ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጥላ ላይ በጨርቅ ሸፍናችሁ አምስት ቀን አቆዩት። ከዚያ ምድጃ ውስጥ 90 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ 120 ላይ ሁለት ሰዓት፣ በመጨረሻም 230 ላይ አንድ ሰዓት። ከምድጃው እንደወጣ ቀዝቃዛ መስታወት ከፈነሉ አፍ በላይ ያዙ። መስታወቱ ጉም ከያዘ ውስጡ ውኃ አለ፣ ወደ ምድጃው ይመለስ። ጥርት ብሎ ከቀረ ደርሷል።

ስድስተኛ፦ ማቅለጥና ማፍሰስ

ቅርጽ ማውጫው ገና ሙቅ እያለ፣ በጓንት ሊነካ በሚችልበት ደረጃ፣ ደረቅ አሸዋ በሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ትከሉት። ቀዝቃዛ ከሆነ ብረቱ ቦዮቹ ጫፍ ሳይደርስ ይረጋል።

ፒውተሩን በጭልፋው አቅልጡ። ላዩ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ግራጫ ሽፋን ይይዛል። በደረቅ እንጨት ወደ ጥግ ግፉት። ሥሩ ያለው ብረት መስታወት ይመስላል። ሙቀቱ መድረሱን ለማወቅ ቀጭን የደረቀ እንጨት ንከሩበት። ቀስ ብሎ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ወዲያው ከጠቆረና ከጨሰ በዝቷል፣ እሳቱን ቀንሱ። በዚህ ጊዜ አጠገባችሁ የውኃ ጠብታ እንዳይኖር። ላባችሁ እንኳ ጭልፋው ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ግንባራችሁን ጥረጉ።

አፈሳሰሱ አንድ ጊዜ፣ ሳይቋረጥ ነው። አትፍሩ፣ አትወርውሩም። ፈነሉ ሞልቶ አፉ ላይ ትንሽ ክምር እስኪል አፍስሱ። ብረቱ ሲረጋ ስለሚኮማተር ከዚያ ክምር ይስባል። ብሮሹ ራሱ ከ20 እስከ 25 ግራም ቢሆን ነው፣ የቀረው ፈነሉ ውስጥ ይቀራል። ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ለመክፈት መቸኮሌ ሁሌም ይፈትነኛል፣ እጄን ይዤ እቆማለሁ።

ሰባተኛ፦ ማጽዳት

ጭቃው ሲከፈት ብዙ ጊዜ ይሰበራል። በዚህ አትዘኑ፣ የጥንቱም ይሰበር ነበር። ፈነሉን በመጋዝ ቁረጡ፣ ዳሩን ሞርዱ፣ ጭቃውን በጥርስ ብሩሽና በውኃ እጠቡ። ቦዮቹ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ በስለታም መርፌ ሂዱበት። በቦዮቹ መሃል ያሉት ስል ጀርባዎች የደነዘዙበት ቦታ ላይ በቢላዋ ጫፍ አንድ ጊዜ ሳብ ብታደርጉ ያበራሉ።

ጠርዙ ላይ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ወይም ክቦች መምታት ከፈለጋችሁ የሚስማር ጫፍ ሞርዳችሁ ማኅተም አድርጉት። በትንሽ መዶሻ ቀስ። ፒውተር ለስላሳ ስለሆነ አንድ ምት ይበቃዋል።

ስምንተኛ፦ መርፌው

ወፍራሙን ጆሮ በ1.2 ሚሊሜትር መብሻ ብሱት። ሽቦውን በቀዳዳው አሳልፋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጠምዝዙት፣ እንደ ስፕሪንግ እንዲመልስ። ሌላውን ጫፍ ምላሱ ድረስ ቁረጡና በሞረድ አሹሉት። ምላሱን በጉጠት አጥፋችሁ መንጠቆ አድርጉት። በአንድ ጊዜ አታጥፉት፣ ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት። ፒውተር ወዲህና ወዲያ ከታጠፈ ይቆረጣል።

ወርቁስ?

የጥንቶቹ ወርቅን በባዜቃ ሟሙተው ፊቱ ላይ ቀብተው በእሳት ያሞቁት ነበር። ባዜቃው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። ይህን በምንም ዓይነት አትሞክሩ። የባዜቃ ትነት አእምሮንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ሽታም ስለሌለው አያስጠነቅቅም። ወርቃማ ፊት ከፈለጋችሁ ስስ የወርቅ ቅጠል በማጣበቂያ ልጠፉ። እኔ ግን ፒውተሩን እንዳለ እወደዋለሁ። ቦዮቹን በጥቂት ጥቀርሻና ሰም አጥቁሬ ጀርባዎቹን በጨርቅ ሳሻቸው የብርሃኑ ጨዋታ ከወርቁ ይልቅ ይጎላል።

ይህን ሥራ ከለመዳችሁ በኋላ ጋርኔት የሚባል ቀይ የከበረ ድንጋይ ወደሚደረግባቸው፣ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ወደሚገኙት የኬንት ብሮሾች ማማተር ትችላላችሁ። ከእነሱ ትልቁ ዝና ያለው በ1771 ኬንት ውስጥ ኪንግስተን በሚባል ቦታ የወጣው ነው፣ አሁን ሊቨርፑል ይገኛል። የእነዚህ ድንጋዮች ምሥጢር ከበታቻቸው ያለው ነው። ከእያንዳንዱ ቀጭን ጋርኔት በታች እንደ ወንፊት ጥቃቅን አራት ማዕዘን የታተመበት ስስ የወርቅ ወረቀት አለ። ብርሃን ድንጋዩን አልፎ ወርቁን መትቶ ይመለሳል። ከጋርኔቶቹ ብዙዎቹ ከሕንድና ከስሪላንካ የመጡ ናቸው።

ዓለም ያኔም ትገናኝ ነበር። ሊንከንሻየር ውስጥ ስክሬምቢ በሚባል ቦታ ከ5ኛውና ከ6ኛው ክፍለ ዘመን የሴቶች መቃብር የዝሆን ጥርስ ቀለበቶች ወጥተዋል። የቦርሳ አፍ ማቀፊያ ነበሩ። ሲመረመሩ ከአፍሪካ ዝሆን ሆነው ተገኙ። በዚያው ዘመን አክሱም በአዱሊስ ወደብ የዝሆን ጥርስ ትነግድ ነበር። ብሮሽ እየሠራሁ ይህን ሳስብ የጠረጴዛዬ ስፋት ይጨምርብኛል።

ዘጠነኛ፦ ጥንዱና አለባበሱ

አንድ ብሮሽ ግማሽ ሥራ ነው። ያስቀመጣችሁትን ሰም አውጡ፣ የተጎዳ መስመር ካለ በቢላዋ አድሱት፣ አዲስ ጭቃ ለብጡ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ይለያል። ሙዚየም ያሉትን ጥንዶች ጎን ለጎን አይታችሁ ከሆነም እንደዚያው ናቸው፣ አንዱ ጥምዝ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ይላል።

ስስ ነጠላ ላይ አትሰኩት፣ ክብደቱ ክሩን ይስባል፣ ቀዳዳም ይተዋል። ጋቢ፣ የሱፍ ሻል ወይም ወፍራም ካፖርት ይስማማዋል። መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አስገብታችሁ አንድ ጣት ያህል ጨርቅ ሰብስባችሁ አውጡት፣ ከዚያ መንጠቆው ውስጥ አስገቡት። ጥንዱን ከሰካችሁ መሃል ላይ ዶቃ አንጠልጥሉ፤ ክሩን ብሮሾቹ ጀርባ በመርፌው ሥር እሰሩት፣ መንጠቆው ላይ አይሁን፣ ሲጎተት ይከፍተዋል።